ከግምት እስከ ጭፍን ጥላቻ፦ የቃላቱ ልዩነት ለምን ያሳስበናል?

አንዲት ሸክላ ሠሪ ያዘጋጀችውን ድስትና ጀበና ይዛ ገበያ ትወጣለች እንበል። ገዢው ዕቃውን ይወድደዋል፤ ዋጋ ተከራክሮም ይገዛታል። ከቤቱ ግን አያስገባትም፤ ልጇን ለልጁ ማጨት ፈጽሞ አይታሰበውም። ስለ እርሷ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው "ዘሯን" ብቻ ነው።

ይህ ሰው ያደረበት ምንድን ነው? ግምት፣ ቅድመ ፍርድ፣ ጥላቻ ወይስ አድልዎ? በዕለት ንግግራችን እነዚህን ቃላት አንዱን በሌላው እየተካን እንጠቀምባቸዋለን፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም።

ግምት ሙሉ መረጃ በሌለበት የሚያዝ ሐሳብ ነው። በራሱ ነውር የለበትም። ሰማዩ ሲጠቁር ዝናብ ይመጣል ብሎ የሚገምት ገበሬ ማንንም አልበደለም። ዝናቡ ከቀረም ግምቱን ይተዋል።

ቅድመ ፍርድ የችሎት ቃል አለበት። ምስክር ሳይሰማ፣ ማስረጃ ሳይመዘን የተሰጠ ብያኔ ነው። ግምት "ሳይሆን አይቀርም" ሲል፣ ቅድመ ፍርድ "ነው" ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው የደነገገው ይህንኑ ለመከላከል ነው።

ፍረጃ ደግሞ ግለሰቡን ከስሙና ከጠባዩ ለይቶ በአንድ ፈርጅ ውስጥ ይከትተዋል። "እነርሱ እንዲህ ናቸው" የሚለው አነጋገር መለያው ነው።

ጭፍን ጥላቻ "ጨፈነ" ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የጨፈነ ሰው ዓይን ያጣ አይደለም፤ ላለማየት የወሰነ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ቢቀርብለትም አይመለስም። መልካም ሰው ቢያጋጥመው "እርሷ ከሌሎቹ ትለያለች" ብሎ በ"ካፈርኩ አይመልሰኝ" በአቋሙ ይጸናል።

ወገንተኝነት ከጥላቻ ሳይሆን ከፍቅር ሊነሣ ይችላል። ማንንም የማይጠላ ዳኛ ለዘመዱ ሊያዳላ ይችላልና። አድልዎ ግን ከሁሉም በአንድ ነገር ይለያል፦ ድርጊት ነው። የቀደሙት በልብ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ፤ አድልዎ በሥራ ቅጥር፣ በፈተና ውጤትና በፍርድ ወንበር ላይ ይገለጣል።

ቃላት ራሳቸውም የጥላቻ ሰለባ ይሆናሉ። ለእጅ ባለሙያ የሚሰጠው "ጠይብ" የሚለው ስም ከ"ጠቢብ" ጋር አንድ ምንጭ አለው። በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚሸመነውን ጌጥ ዛሬም "ጥበብ" እንለዋለን። ሆኖም ብልሃትን የሚያመለክተው ስም መሳደቢያ ሆነ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። አዋጁ አንደበትን ከለከለ፤ በጋብቻና በማዕድ ላይ የተሠራውን አጥር ግን ማፍረስ አልቻለም።

ፍረጃ ሳይገታ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ሩዋንዳ በ1994 (እ.አ.አ.) አሳይታለች። ቱትሲዎችን "ኢንየንዚ" ማለትም በረሮ እያለ ይጠራ የነበረ ሬዲዮ ለጭፍጨፋው መንገድ ጠርጓል። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በ2003 የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን በጥፋተኝነት ፈርዶባቸዋል።

በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ሕጉ የሚደርሰው ከአፍ የወጣውን እንጂ በልብ ያለውን አይደለም።

ቃላቱን መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የማይስማማንን አስተያየት ሁሉ "ጥላቻ" ካልነው ውይይት ይዘጋል፤ እውነተኛውን ጥላቻ "አስተያየት" ካልነው ደግሞ አደጋው ይሸፈናል። መድኃኒታቸውም ይለያያል። ግምትን መረጃ ያርመዋል። ወገንተኛ የሆነ ዳኛ ከችሎቱ ይነሣል። አድልዎን ሕግ ይቀጣዋል። ጭፍን ጥላቻን የሚያድነው ግን ዓይንን ለመግለጥ መፍቀድ ብቻ ነው።

የገበያው ሰው ሸክላ ሠሪዋን አልሰደባትም፤ አልመታትምም። ራሱን "ጥላቻ የለብኝም" ብሎ ሊያምን ይችላል። ከእጇ የወጣው ጀበና ከቤቱ ገብቶ በእንግዶቹ ፊት ቡና ይቀዳል። እርሷ ግን አሁንም ከደጅ ናት።