ሕይወት ያላቸው ነገሮች የራሳቸውን ብርሃን የሚያመነጩት እንዴትና ለምንድን ነው?

በጁባ ከተማ በሙኑኪ ሰፈር የሚኖር ተማሪም ሆነ በጣና ዳር ያደገ ልጅ፣ በዝናብ ወራት ማታ ከእርጥብ ሣር መካከል ብልጭ ድርግም የምትል ጢንዚዛ ቢያይ የሚያነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ይኸውም «ይህች ትንሽ ፍጥረት ሳትቃጠል እንዴት ታበራለች?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ «ተፈጥሮዋ ነው» ብሎ ማለፍ ለባዮሎጂ መምህር አይበቃም።

በመጀመሪያ ግርታን ማጥራት ያስፈልጋል። ወደ መብራት የምትበረው የእሳት እራት ከራሷ ብርሃን አታመነጭም። ሌሊት የሚያበራው የድመት ዓይንም ከውጭ የመጣውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ ብርሃን አይሠራም። ስለዚህ ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ የድመት ዓይን አይታይም፤ አብሪ ጢንዚዛ ግን ትታያለች።

የጢንዚዛዋ ብርሃን የሚወጣው ከሆዷ ጫፍ ሲሆን ምንጩ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ሉሲፈሪን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ሉሲፈሬዝ በተባለው ኢንዛይም አማካይነት፣ የሕዋስ ኃይል ከሆነው ከኤቲፒና ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት ትርፍ ኃይል ስለሚይዝ፣ ወደ ረጋ ሁኔታው ሲመለስ ኃይሉን በብርሃን መልክ ይለቃል። እንደ ባለ ክር አምፖል ሙቀት ስለማይፈጥር «ቀዝቃዛ ብርሃን» ይባላል።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1667 ሮበርት ቦይል የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት ካለበት ዕቃ አየሩን ሲያወጣ ብርሃኑ ጠፋ፤ አየሩን ሲመልስ እንደገና በራ። በ1885 ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ ከአብሪ ጢንዚዛ ሁለት ጭማቂ አዘጋጀ። በቀዝቃዛ ውሃ የተዘጋጀው ብርሃኑ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ በሙቅ ውሃ የተዘጋጀውም አላበራም። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ብርሃን ሰጡ። ምክንያቱም በመጀመሪያው ሉሲፈሪኑ አልቆ ኢንዛይሙ ሲቀር፣ በሁለተኛው ኢንዛይሙ በሙቀት ተበላሽቶ ሉሲፈሪኑ ቀርቶ ነበር። በ1947 ደግሞ ዊልያም ማከልሮይ የኤቲፒን አስፈላጊነት አረጋገጠ።

በቆዩ መጻሕፍት ከ100 የሉሲፈሪን ሞለኪውሎች 88ቱ ወይም ሁሉም ማለት ይቻላል ብርሃን እንደሚሰጡ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን በተደረገ ልኬት ግን የተገኘው 41 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የቀድሞውን ቁጥር ለተማሪዎች ባናስጽፍ ይመረጣል።

ጥቅሙስ ምንድን ነው? ወንዱና ሴቷ ጢንዚዛ በብልጭታ ይጠራራሉ፤ የየዝርያው የብልጭታ ሥርዓትም የተለያየ ነው። በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ አንዲት ዓይነት ሴት የሌላውን ዝርያ ምልክት አስመስላ ወንዱን ትጠራና ትበላዋለች። የጢንዚዛዋ ትል ብርሃን ደግሞ «መራራ ነኝ፣ አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ብርሃን ሰጪ ፍጥረታት በብዛት የሚገኙት ግን በባሕር ውስጥ ነው፤ በዚያም ብርሃኑ ምግብ ለማጥመድ፣ ለመደበቅና ጠላትን ለማደናገር ያገለግላል።

ዛሬ ሉሲፈሬዝ በምግብ ፋብሪካዎች የዕቃ ንጽሕናን ለመመርመር ይሠራበታል፤ ኤቲፒ ባለበት ስለሚያበራ የሕያዋንን ቅሪት ያጋልጣል። በሌላ በኩል የመንገድና የግቢ መብራት በበዛበት ሥፍራ ወንዱ የሴቷን ምልክት ለማየት ይቸግረዋል፤ ሳይገናኙ ከቀሩም አይራቡም። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው መብራት ባለበትና በሌለበት ሥፍራ በአንድ ደቂቃ የሚታየውን ብልጭታ ቢያስቆጥሩና ውጤቱን በሠንጠረዥ ቢያስመዘግቡ፣ ያለ ላቦራቶሪ መሣሪያ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ጢንዚዛዎቹን ግን በጠርሙስ ሳያሳድሩ በቦታቸው መተው ይገባል።