ጋዙ በካሉብ፥ ማገዶው በጎባ

በጎባ ገበያ የማገዶ ሸክም ሲሸጥ ስትመለከቱ፥ ነገሩ ከዓለም ባንክ ብድር ጋራ ይገናኛል ብላችሁ አትጠረጥሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይገናኛል።

ከባሌ ተራሮች ወደ ምሥራቅ ሲወረድ፥ በኦጋዴን ቆላ፥ ካሉብ በተባለው ስፍራ የተፈጥሮ ጋዝን ያገኘው ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1994 ዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 74 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብድር ፈቀደ። ጋዙ ለአገር ቤት ምድጃ ቢውል ደኑ ከምሳር ባረፈ ነበር፤ ሥራው ግን ከፍጻሜ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዛፍ ቢቈረጥ ሌላ ይተከላል፤ ጋዝ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ አይተካም፥ ብድሩም መከፈሉ አይቀርም። ስለዚህ አበዳሪው ሊጠየቅ የሚገባው፥ ጋዙ ሲያልቅ ለአገሬው ምን ይቀርለታል ተብሎ ነው። ዓለም ባንክ ራሱ በ2017፥ ከ2019 በኋላ ለነዳጅ ዘይትና ለጋዝ ፍለጋና ቍፋሮ ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ ለድኾች አገሮች ጋዝ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው።

በ2025 በካሉብ በቻይና ኩባንያ የተሠራ የጋዝ ማቀነባበሪያ ተመረቀ። የሐረና ደን የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በጎባ ግን ብዙው ምድጃ ዛሬም የሚነደው በእንጨት ነው።