ጠባብ የልብ በር፦ ከቢላዋው በፊት የሚጀመረው ጨዋታ

የአርሰናል ደጋፊ ንዋንኮ ካኑን አይረሳውም። እ.ኤ.አ በ1999 በስታምፎርድ ብሪጅ 2ለ0 ሲመሩ ቼልሲ ላይ ሃትሪክ የሠራው ረጅሙ ናይጄሪያዊ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ኳስ ሊያቆም ተቃርቦ ነበር። በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ አገሩን በአምበልነት መርቶ ወርቅ ካጠለቀ በኋላ ኢንተር ሚላን ሲገባ፣ የክለቡ ሐኪሞች የልቡ የአኦርታ ቫልቭ በትክክል እንደማይሠራ ደረሱበት። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በ1997 ወደ ሜዳ ተመለሰ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ የሚሞገሰው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ ግን ማንም አያነሳውም። የልብ ቫልቩ የጠበበበት ሰው ለትርፍ አንጀትም ሆነ ለስብራት ኦፕራሲዮን ሲገባ፣ ዋናው ፍልሚያ ቢላዋው ሳይነሳ ይጀመራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤነኛ ሰው የአኦርታ በር ሲከፈት ከ3 እስከ 4 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከ1 በታች ሲሆን ከባድ ጥበት ይባላል። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ በአንዲት በር ሲወጣ አስቡት! ማደንዘዣው የደም ሥሮችን ሲያላላ ግፊቱ ይወርዳል። ጤነኛ ልብ ብዙ ደም ረጭቶ ያካክሰዋል፤ ይኼኛው ግን በሩ አያሳልፍለትም። ልብ ራሱ ደም ያጥረዋል፤ አንዴ ከቆመ ደግሞ ደረት በመጫን መመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይሰጣል፣ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ የልብ ምቱ እንዳይሮጥም እንዳይንቀራፈፍም ይቆጣጠራል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌም ግፊቱን ድንገት ሊጥለው ስለሚችል በጣም ይጠነቀቁበታል።

በእኛ አገር ደግሞ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ የልብ ሕመም አስከትሎ፣ ሚትራል የሚባለውን በር በወጣትነት ያጠበዋል። እዚህ ላይ ቀንደኛው ጠላት ፍጥነት ነው። ልብ ሲሮጥ የሚሞላበት ጊዜ ያጣል፤ ደሙ ሳንባ ላይ ይከማችና ትንፋሽ ያጥራል።

ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ሩጫ ላይ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ወይም “ልብህ ድምፅ አለው” የተባለ ሰው፣ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይናገር። የበሩ ጥበት ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ይለካል። ባለሙያው አሰላለፉን የሚያወጣው ተጋጣሚውን ሲያውቅ ነው።