ለድንጉጥ ውሻ የሚሆን ልብስ

በገሳይ ክረምት የሚገባው በድምፅ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለዚህች ከተማ የጉና ተራራ ቅርብ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ ደመናውን ይሰበስባል፤ የሐምሌ ነጎድጓድ ከላዩ ተነስቶ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የሰው ድምፅ ይጨመርበታል። ለነሐሴ 13 የቡሄ በዓል እረኞች ከልጥና ከቃጫ የገመዱትን ጅራፍ ቀደም ብለው ማጮህ ይጀምራሉ። የጅራፉ ድምፅ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ለሰው ደስታ ነው። ደጃፍ ላይ ላለው ውሻ ግን የክረምቱ ከባድ ወቅት ይህ ነው።

የጅራፍ ጩኸት የሚወጣው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ አየሩን ሲሰነጥቅ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ቀጭን ድምፅ ሲሰማ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ምን እንደሚጮህ፣ መቼ እንደሚያበቃም የሚነግረው የለም። ስለዚህ ፍርሃቱ ቅብጠት አይደለም።

የፈራ ውሻ በቀላሉ ይለያል። ሰማዩ ገና ሲጠቁር ይቁነጠነጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ይሸጉጣል። ሙቀት ሳይኖር ያለከልካል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ይንቀጠቀጣል፤ ከአልጋ ወይም ከቆጥ ሥር ይገባል፤ የታሰረ ከሆነ ገመዱን ለመበጠስ ይታገላል። በጥሶ ከሄደ ከቤቱ ርቆ የሚጠፋ፣ መኪና የሚገጨው አለ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ውሻ ለመያዝ እጁን የሚሰድ ልጅም ሊነከስ ይችላል፤ ውሻው በዓመሉ ገር ቢሆን እንኳ።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ልብስ ነው። ደረትንና ጎድንን ከሁሉም በኩል እኩል ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ሰደርያ መሳይ ልብስ ሲሆን፣ ሥራውም ብርድ መከላከል ሳይሆን ሰውነትን በቀስታ መጫን ነው። ሐሳቡን ለመረዳት በአንቀልባ የታዘለን ሕፃን ማሰብ ይበቃል፤ ሲነጫነጭ የቆየው ልጅ ከእናቱ ጀርባ ጋር ተጣብቆ ሲታሰር ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ያንቀላፋል።

ይህን ጉዳይ ወደ ሳይንስ ካመጡት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ቴምፕል ግራንዲን ትገኛለች። በወጣትነቷ በአሪዞና በአክስቷ እርባታ፣ ከብቶች ለክትባት በሁለት ሳንቃ መሃል ሲያዙ ከመካከላቸው የሚረጋጉ እንዳሉ አየች። ኦቲዝም ስላለባትና ጭንቀት ስለሚያስቸግራት ለራሷ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራች። በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጽሑፍ እንዲህ ያለው ጫና በሰውም በእንስሳም ላይ ያለውን የማረጋጋት ውጤት የሚያብራራ ነው። ለውሾች የተሠራው ተንደርሸርት የተባለው ልብስ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ወጥቶ በብዙ አገር ታወቀ።

ይሠራል ወይ? በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነጎድጓድ የሚፈሩ 18 ውሾችን አንግዛይቲ ራፕ የተባለ ተመሳሳይ ልብስ አልብሶ ተከታተለ። ከባለቤቶቹ 89 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በከፊል ረድቷል አሉ። ነገር ግን ልብስ ሳይለብስ ለንጽጽር የቀረበ ቡድን አልነበረም፤ መልሱም የባለቤቶቹ ግምት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ስቴፋኒ ሪመር የተባለች ተመራማሪ ርችት የሚፈሩ ውሾች ያሏቸውን ጨምሮ 1,225 ሰዎችን ጠይቃ ነበር። ልብሱን ከሞከሩት ረድቶናል ያሉት 44 ከመቶ ናቸው። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ለውሻው ጣፋጭ ነገር የሰጡት ወይም ያጫወቱት ግን ከ70 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ውጤት አግኝተዋል። እንግዲህ ልብሱ ለአንዳንዱ ውሻ ይበጃል፣ ለአንዳንዱ አይበጅም፤ ብቻውንም መድኃኒት አይደለም። በትክክል ከታሰረ ግን ወጪውም ጉዳቱም አነስተኛ ስለሆነ መሞከሩ ተገቢ ነው።

ለመሞከር ከውጭ ዕቃ ማስመጣት አያስፈልግም። ለትንሽ ውሻ ያረጀ የልጅ ካናቴራ ይበቃል። የካናቴራው የደረት በኩል ወደ ውሻው ጀርባ ይዞራል፤ ጭንቅላቱ በአንገቱ፣ የፊት እግሮቹ በእጅጌው ይገባሉ፤ ትርፉ ጨርቅ ጀርባው ላይ ተሰብስቦ ይቋጠራል። ለትልቅ ውሻ ያለቀ ነጠላ ወይም ሻርፕ ይሻላል። የጨርቁ መሃል ደረቱ ላይ ይውላል፤ ሁለቱ ጫፎች ከትከሻው በላይ ይጠላለፉና ከፊት እግሮቹ ኋላ በሆዱ ሥር ዳግመኛ ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰው ይታሰራሉ። ቋጠሮው የጀርባ አጥንቱ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ወደ ጎን ይደረግ። በጨርቁና በገላው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ ጠብቋል፤ ይላላ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ውሻው ለብሶ ብቻውን አይተው፤ ጨርቁ እንጨት ወይም አጥር ሊይዘው ይችላል። ዝናብ ያራሰው ጨርቅ ይውለቅ፤ በደጋ ብርድ እርጥብ ልብስ ከፍርሃቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከለበሰ በኋላ ባለበት ቢደርቅና መራመድ ቢያቅተው ተረጋጋ ብሎ መደሰት ስሕተት ነው፤ ያ ሌላ ዓይነት ጭንቀት ነው፣ ልብሱ ይወልቅለት። ማልበሱም ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ደመናው ሲሰበሰብ ቢሆን ይመረጣል። በፍርሃት መሃል ያለን፣ ለመናከስ የሚቃጣን ወይም የማያውቁትን ውሻ ለማልበስ መሞከር አይገባም። በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገራችን ክትባቱ ከልብሱም ከሁሉም ይቀድማል።

ከልብሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገርም ያስፈልጋል። ውሻው የሚሸሸግበት ጨለም ያለ ጥግ ይዘጋጅለት፤ በጎተራ ሥርም ቢሆን። በዚያ ሰዓት በአጭር ገመድ ታስሮ ደጅ ላይ አይተው፤ መሸሻ ማጣት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ቁራሽ እንጀራ ወይም የሚወደው ነገር ይሰጠው። ውሻ ሲፈራ ካባበሉት ይለምድበታል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ፍርሃት በማባበል አይጨምርም። በዱላና በቁጣ ግን ይጨምራል። ፍርሃቱ ምግብ የሚያስተው ወይም ራሱን የሚያቆስለው ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል።

ደጋው ላይ ውሻ በግና ቤት ሲጠብቅ ያድራል፤ ጅብ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ጅብ የማያስፈራው ውሻ በነጎድጓድ መንቀጥቀጡ ሊያስንቀው አይገባም። ልምምዱ የሚጀመረውም በቡሄ ዋዜማ አይደለም። በግንቦት፣ ሰማዩ ጸጥ ባለበት ቀን፣ ጨርቁን አሽቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ለብሶ፣ ጉርሻ በልቶ ቢለምደው ክረምቱ ሲገባ ልብሱን የሚያውቀው ከደግ ነገር ጋር ይሆናል። መጀመሪያ ልብሱን የሚያየው ነጎድጓድ በሚያጓራበት ሰዓት ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከልብሱም ይሸሻል።