ብጉርና መጨማደድ በአንድ ፊት ላይ

የተወደድሽ እኅቴ፣ አርባን ተሻግረሽ ብጉርና መጨማደድ አብረው ቢመጡብሽ አትደንግጪ፤ በብዙዎቻችን ላይ ይደርሳል።

የወንጪ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያስረጀው የፀሐይ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይበረታል፤ ብርዱ ግን ያታልለናል። ስለዚህ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይለዩሽ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ያለበት ቅባት ለጊዜው ፊትን ያጠራል፤ ኋላ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርንም ያባብሳል።

ለሁለቱም የሚረዳው ሐኪም የሚያዝዘው ትሬቲኖይን ነው። ማታ በጥቂቱ ይቀባል፤ ውጤቱ ወራት ይፈልጋል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልጅ ካሰባችሁ ግን አትጀምሪው፤ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም የሚስትህን መድኃኒት እንደ ቅንጦት አትቍጠርባት።