መዝለል የማይችለው ልጅና ነፋሱ

የቪዲዮ ጨዋታ በብዙ ቤት ጠብ ማስነሣቱ የታወቀ ነው። አባት ልጁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥቶ መጽሐፍ እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ልጁም «ትንሽ ብቻ» እያለ ሰዓቱን ይገፋል። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ረዣዥሞችና ተኩስ የሞላባቸው ስለሆኑ የወላጆች ቅሬታ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ዐይን መመልከት ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን አንድ አጭር፥ ደም የማይፈስበት፥ ይልቁንም የእጅን እንቅስቃሴ በአዲስ ብልሃት የተጠቀመ ጨዋታ ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ ወደድን። ስሙ «ሎስት ዊንድስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጠፉ ነፋሳት» ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን የሠራው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚገኘው ፍሮንቲየር ዴቬሎፕመንትስ የተባለው ድርጅት ነው። ለሕዝብ የቀረበውም በ2008 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ዊ» ለተባለው መሣሪያው አዳዲስ ትናንሽ ጨዋታዎችን በኢንተርኔት መሸጥ በአሜሪካና በአውሮፓ በጀመረ ጊዜ ነበር።

«ዊ» በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጣ ዓለምን ያስገረመው በሥዕሉ ጥራት አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ከተወዳዳሪዎቹ ዝቅ ያለ ነበር። ያስገረመው መቆጣጠሪያው ነው። ቁልፍ መጫን ብቻ ሳይሆን እጅን ማወዛወዝና መጠቆም የጨዋታው ክፍል ሆነ። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በየሳሎኑ ቆመው ቴኒስ ተጫወቱ፤ መሣሪያውም ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆጣጠሪያው ከተጫዋቾች እጅ እያመለጠ ቴሌቪዥን እስከ መስበር ስለ ደረሰ፥ ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር 3.2 ሚሊዮን ያህል የእጅ ማሰሪያዎችን በጠንካራ ማሰሪያ ለመለወጥ ተገደደ።

የመቆጣጠሪያው አሠራር እንዲህ ነው። በጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራ አለች። በቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጥ ቀጭን ዘንግ ደግሞ ከሁለት ጫፎቹ ኢንፍራሬድ የተባለውን በዐይን የማይታይ ብርሃን ይሰጣል። ካሜራዋ ሁለቱን የብርሃን ነጥቦች ተመልክታ የተጫዋቹ እጅ ወዴት እንደሚጠቁም ታስታውቃለች። ብዙዎች ዘንጉ እጃቸውን የሚያይ ይመስላቸዋል፤ ዘንጉ ግን የሚያበራ እንጂ የሚያይ አይደለም።

ይህን የመሰለ ብልሃት በእጃቸው የገባ አያሌ የጨዋታ ሠሪዎች ቀድሞ በቁልፍ ይደረግ የነበረውን ነገር በማወዛወዝ ከመተካት አላለፉም። ይህም ክንድ ከማድከም በቀር ትርፍ አልነበረውም። የካምብሪጆቹ ሰዎች ግን ጥያቄውን ከሥሩ ጀመሩ፤ እጅ በአየር ላይ ሲንቀሳቀስ የሚያንቀሳቅሰው የመጀመሪያው ነገር አየሩ ራሱ አይደለምን? እነሆ፥ ተጫዋቹ ነፋስ ሆነ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሚስትራሊስ በተባለች የተረት ምድር ነው። ቶኩ የተባለ አንድ ትንሽ ልጅ በዋሻ ውስጥ የተሰበረ ድንጋይ ያገኛል፤ በድንጋዩም ውስጥ ኤንሪል የተባለች የነፋስ መንፈስ ታስራለች። ኤንሪል የታሰረችው ባላሳር የተባለውን ክፉ መንፈስ ይዛ ለማስቀረት ስትል ነበር፤ ባላሳር ግን ድንጋዩን ሰብሮ አምልጧል። እንግዲህ ልጁና ነፋሷ አብረው ይጓዛሉ።

ሎስት ዊንድስ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፥ ከገደል ወደ ገደል እየተሻገሩ እንቆቅልሽ ከሚፈቱባቸው ጨዋታዎች ወገን ነው። በዚህ ወገን የዋናው ሰው ሥራ መዝለል መሆኑን ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ በዓለም የታወቀው ማሪዮ እንኳ በ1981 ዓ.ም. ሲፈጠር የመጀመሪያ ስሙ «ዘላዩ ሰው» የሚል ትርጉም ነበረው። ቶኩ ግን መዝለል አይችልም። ከፍ ያለ ቦታ ሲያጋጥመው የምታነሣው ነፋሷ ናት። ተጫዋቹ በግራ እጁ በያዘው ሁለተኛ መያዣ ልጁን ያራምዳል፤ በቀኝ እጁ ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ በመስኮቱ ላይ መሥመር ይሥላል። ቁልፉን ሲለቅ ነፋስ በዚያው መሥመር ይነፍሳል። ከልጁ እግር በታች ወደ ላይ የተሣለ መሥመር ልጁን ያነሣዋል፤ ወደ ጎን የተሣለ ከገደል ያሻግረዋል።

አማርኛችን ለነፋስ ልዩ ልዩ ስም አለው። ቀስ ብሎ ፊትን ዳሶ የሚያልፈው ሽውታ ይባላል፤ እየተሽከረከረ አቧራ የሚያስነሣው ዐውሎ ነፋስ ነው። ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ልዩነቱን በእጁ ይማረዋል፤ ኤንሪል ኃይሏን ጥቂት በጥቂት እያገኘች ስትሄድ አዲስ የእጅ አጣጣል ይመጣልና። ከችቦ ላይ እሳት በነፋስ መሥመር ተስቦ መንገድ የዘጋውን እንጨት ያቃጥላል። ውኃም እንዲሁ ተስቦ አፈር ውስጥ የገባውን ዘር ያበቅላል። እንደ ጭቃ የሚለጠጡ ፍጥረታት ልጁን ሲያጠቁት ነፋሷ አንሥታ ከመሬት ታላትማቸዋለች። ሣርና ቅጠሉ እጅ ባለፈበት ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ተጫዋቹ ምንም የሚሠራው ሳይኖር ሣሩን ብቻ እያወዛወዘ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ እኛም ይህን ጊዜ እንደ ጠፋ አንቈጥረውም።

ለቤተ ሰብ የሚስማማውም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሰው ልጁን ሲያራምድ ሌላው በሁለተኛ መቆጣጠሪያ ነፋሷን ሊያዝ ይችላል። ልጅ ቶኩን ይዞ፥ እናት ወይም አባት ነፋሷን ይዘው ሲቀመጡ አንዳቸው ያለ ሌላው አንድ ደረጃ እንኳ አይወጡም። አባት ነፋሱን ካዘገየ ልጅ ገደል ይገባል፤ ልጅ ከቸኮለ ነፋሱ ባዶ ቦታ ይነፍሳል። የእርስ በርስ ወቀሳው ሳቅ እንጂ ጠብ አይሆንም።

ጨዋታው በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ያልቃል፤ ከባላሳር ጋር የተጀመረው ትግልም ፍጻሜ ሳያገኝ ይቆማል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ቶኩ እናቱን ፍለጋ ሲሄድና ነፋሷ በጋውን ክረምት፥ ክረምቱን በጋ ስታደርግ ያሳያል፤ ሦስተኛ ክፍል ግን አልተከተለም። ማጠሩ ከፊሉ ግድ ነበር፤ ኒንቴንዶ በኢንተርኔት ለሚሸጡት ጨዋታዎች ከ40 ሜጋባይት በላይ አልፈቀደምና። ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሡ ዐሥር ያህል ፎቶግራፎች የሚይዙት ቦታ ነው። ነገር ግን የፍሮንቲየር መሥራች ዴቪድ ብሬበን በ1984 ዓ.ም. ከኢያን ቤል ጋር «ኤሊት» የተባለውን የጠፈር ጨዋታ 32 ኪሎባይት ብቻ ለነበረው ኮምፒዩተር የሠራ ሰው ስለሆነ፥ ጥበት ለእርሱ እንግዳ አልነበረም።

ዋጋው 1000 ነጥብ ወይም 10 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ገዢው በካርቶን የታሸገ ዕቃ አልተቀበለም፤ ጨዋታው በኢንተርኔት መጥቶ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ገባ። የገበጣ ሰሌዳ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ እንዲህ ያለው ንብረት ግን የሚተላለፍበት መንገድ ጠባብ ነው። ኒንቴንዶ በ2018 ዓ.ም. በማርች ወር ነጥብ መሸጥ አቆመ፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ መደብሩን ዘጋ። ቀድሞ የገዙ ሰዎች የገዙትን እንደገና ማውረድ የሚችሉት እስከ ጊዜው ብቻ እንደሆነም አስታወቀ።

ሎስት ዊንድስ ፈጽሞ አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. ለአይፎን፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለዊንዶውስ ኮምፒዩተር ወጥቷል። ይሁን እንጂ በስልክ መስታወት ላይ ነፋሱን የሚሥለው ጣት ነው፤ በኮምፒዩተርም ማውስ ነው። ሣሩ ይወዛወዛል፥ እሳቱም ይሳባል፤ እጅ በአየር ላይ ተዘርግቶ ነፋስ የመሆኑ ነገር ግን ቀርቷል። በእኛ አስተያየት ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ጨዋታው የተፈጠረው ለዚያ የእጅ እንቅስቃሴ ነበርና።

አሮጌው «ዊ» ከነጨዋታው በቤቱ ያለው ሰው ስለዚህ መሣሪያውን ከመጣሉ በፊት ያስብበት። የሚያበራው ዘንግ ተበላሽቶበት እንደሆነም፥ ከቴሌቪዥኑ በታች ሁለት ሻማዎችን በአንድ ስንዝር ያህል አራርቆ ቢያበራ መቆጣጠሪያው በሻማዎቹ ብርሃን ይሠራል። ሻማዎቹን ከመጋረጃ ማራቅና ሕፃናት እንዳይነኳቸው መጠበቅ ግን ያስፈልጋል።