«ስቴት ገባ»፦ የመርሳት ሕሙማን መጦሪያ እንዴት ይፈተሻል?

በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ ሊፍቱን ቀድማ ፎቅ የምትወጣ አንዲት ወሬ አለች፤ «ስቴት ገባ» የምትል። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ እንዲህ ባለ ቤት የሚሠራ ሐበሻ ወሬዋን ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልገውም። ኮሪደር ላይ የተተወው ጋሪ ጥጉን ይይዛል፤ ሲጮህ የቆየው የጥሪ ደወል ሰው ያገኛል፤ ኃላፊዎቹም ከቢሯቸው ወጥተው በየክፍሉ ብቅ ይላሉ። የገቡት ከክፍለ ግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት የተላኩ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። በመካከላቸው ነርስ አለች። ላፕቶፓቸውን ይዘው፣ ቀጠሮ ሳያስይዙ ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም ለቀናት ይቆያሉ።

ምግብ ቤት የሚፈትሽ ሰው ተመጋቢውን ጠይቆ መረዳት ይችላል። በነርሲንግ ሆም ግን ከነዋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ ያለባቸው ናቸው። «ቁርስ በልተዋል?» ሲባሉ «ተመስገን፣ በልቻለሁ» የሚሉት እናት ትሪያቸው ሳይነካ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» የሚሉት አባት ደግሞ ከጠረጴዛው የተነሡት አሁን ይሆናል። የዚህ ፍተሻ ዋና ፈተናም ይኸው ነው፦ በራሱ ጉዳይ ምስክር መቆም የማይችል ሰው በደንብ መያዙ በምን ይታወቃል?

አሁን ያለው አሠራር የተተከለው በ1987 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት የነርሲንግ ሆሞችን ይዞታ የሚተች ሰፊ ጥናት አውጥቶ ነበር። ኮንግረሱ ያንን ተከትሎ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ፈረሙበት። እስከዚያ ድረስ ፍተሻው ይበልጥ የሚያተኩረው ቤቱ አገልግሎት የመስጠት አቅም አለው ወይ በሚለው፣ በሕንፃውና በወረቀቱ ላይ ነበር። ከሕጉ በኋላ ጥያቄው ወደ ነዋሪው ዞረ፦ አገልግሎቱን በእርግጥ አግኝቷል ወይ? ለሠራተኛው ሥራ እንዲቀል ተብሎ ሰውን ከአልጋ ወይም ከወንበር ማሰርም ተከለከለ። ደንቡን የሚያወጣው ሜዲኬርንና ሜዲኬድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ሲኤምኤስ ነው፤ በር የሚያንኳኩት ግን ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ከሁለቱ የመንግሥት መድን ገንዘብ መቀበል የሚፈልግ ቤት ሁሉ በዚህ ፍተሻ ማለፍ አለበት። ቁጥራቸው በመላ አገሪቱ ወደ 15,000 ይጠጋል።

መደበኛው ፍተሻ በ15 ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ የክፍለ ግዛቱ አማካይ ግን ከ12 ወር መብለጥ የለበትም። ቀኑን አስቀድሞ ሹክ ያለ ሰው እስከ 2,000 ዶላር እንደሚቀጣ በሕጉ ላይ ተጽፏል። ከፍተሻዎቹ ቢያንስ ከመቶ 10ሩ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ፣ ማታ ወይም ማለዳ መጀመር አለባቸው። ይህ ለመርሳት ሕሙማን ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቹ ቀን ረጋ ብለው ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ፤ «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው፣ ልሂድ» ብለው በሩን ይይዛሉ። ኃላፊዎቹ ወደ ቤታቸው በሄዱበት በዚያ ሰዓት ማን አጠገባቸው እንዳለ ረፋድ ላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ሊያየው አይችልም።

ቡድኑ እንደገባ አንዱ ወዲያው ወደ ማዕድ ቤት ይሄዳል፤ መሪው ከአስተዳዳሪው ጋር ይቀመጣል፤ የቀሩት ፎቅ ለፎቅ ይዞራሉ። ከነዋሪዎቹ ከመቶ 20 ያህሉ ለጥልቅ ምርመራ ይመረጣሉ፤ በትልቅ ቤት ውስጥም ከ35 ሰው አይበልጡም። ማንን ማነጋገር እንደሚቻል ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ ቤቱ ራሱ በየጊዜው የሚያደርገው አጭር የማስታወስ ፈተና ነው። ነዋሪው «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይነገሩትና ይደግማቸዋል፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱን ይጠየቃል፤ ከዚያም ሦስቱን ቃላት እንዲያስታውስ ይደረጋል። ውጤቱ ከ15 ይታሰባል፤ 7 እና ከዚያ በታች ከባድ ችግር ማለት ነው። ይሁንና ነጥቡ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ሰውየው አይታለፍም። ዕለቱን የማያውቁ አዛውንት የትኛው ሠራተኛ እንደሚያመናጭቃቸው አሳምረው ሊያውቁ ይችላሉ። የለመዱት እንግሊዝኛ ቀድሞ ከድቷቸው በአማርኛ ብቻ የቀሩ ወላጆች ጉዳይ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ደንቡ ነዋሪው ስለ ጤናውና ስለ ሕክምናው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ ስለዚህ ቤቱ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚያገኝ ተቆጣጣሪው መጠየቁ አይቀርም።

መናገር የማይችለውን ሰው በሚመለከት ተቆጣጣሪዋ ቤተሰቡን ታነጋግርና ቁጭ ብላ ትመለከታለች። ለዚህ ከመመገቢያ አዳራሽ የተሻለ ቦታ የለም። የምታጎርሰው ሠራተኛ አጠገባቸው ተቀምጣለች ወይስ ከላይ ቆማ ነው? የሲኤምኤስ መመሪያ ቆሞ ማጉረስን ክብር ከሚነኩ ነገሮች ይቆጥረዋል፤ እርዳታ የሚፈልጉትን ሰዎች «ፊደሮቹ» እያሉ መጥራትንም እንደዚሁ። የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይዋጥ ሁለተኛው ይቀርባል? የውኃው ብርጭቆ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነው? መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ፣ ጥርሳቸው አፋቸው ውስጥ፣ የመስሚያ መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? የደረቀ ከንፈር፣ ያደገ ጥፍር፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተለወጠ ዳይፐር እያንዳንዳቸው ቃል ናቸው። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪዋ ቻርቱን ትከፍታለች። «ምሳቸውን ሦስት አራተኛ በልተዋል» ተብሎ ከተጻፈና እሷ ያየችው ሁለት ጉርሻ ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄው ከአንድ ምሳ አልፎ ወደ መዝገቡ ሁሉ ይሄዳል።

እንግሊዝ ይህን የመመልከት ሥራ ራሱን የቻለ መሣሪያ አበጅታለታለች። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ፣ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን፣ ከብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራ «ሶፊ» የሚባል የምልከታ ዘዴ ይጠቀማል። መርማሪው ጥግ ይዞ ጥቂት ሰዎችን ይከታተላል፤ በየአምስት ደቂቃው ስሜታቸውን፣ የያዙትን ነገርና ሠራተኛው እንዴት እንደቀረባቸው ይመዘግባል። ለሰዓት ያህል አንድም ሰው ሳያናግራቸው የቆዩ አዛውንት በቻርት ላይ አይታዩም፤ በዚህ መዝገብ ላይ ግን ይታያሉ።

ከሁሉ የሚያከራክረው መድኃኒት ነው። ነርሷ መድኃኒት ስታድል ተቆጣጣሪው ቢያንስ 25 አሰጣጦችን ቆሞ ይመለከታል፤ ስሕተቱ ከመቶ 5 ከደረሰ በቤቱ ላይ ጥፋት ይመዘገባል። ከዚህ ይበልጥ የሚመረመረው ግን ለስኪዞፍሬኒያ ዓይነት ሕመም የተሠሩት አንቲሳይኮቲኮች ጉዳይ ነው። የተረበሸን የመርሳት ሕመምተኛ ጸጥ ያሰኛሉ ተብለው ለዓመታት ሲታዘዙ ቆይተዋል። በ2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ አዲሶቹ ዓይነቶች በእነዚህ አዛውንት ላይ የሞት አደጋን ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ከፍ እንደሚያደርጉ አስጠነቀቀ። ሆኖም በ2011 መጨረሻ ላይ እንኳ ለረጅም ጊዜ ከሚኖሩት ነዋሪዎች ከመቶ 23.9ኙ ይወስዷቸው ነበር። ሲኤምኤስ በ2012 ዘመቻ ከከፈተ በኋላ ቁጥሩ ወደ 15 ገደማ ወረደ።

የወረደው ሁሉ ግን እውነት አልነበረም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ስለነበር፣ አንዳንድ ቤቶች የሌለ ምርመራ ቻርት ላይ መጻፍ ጀመሩ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2021 ነገሩን አወጣው፤ ሲኤምኤስም በ2023 ይህንኑ የሚፈትሽ ኦዲት ጀመረ። በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምር በሽታ በ82 ዓመት አዛውንት ቻርት ላይ ድንገት ብቅ ሲል፣ የዛሬ ተቆጣጣሪ ዝም ብሎ አያልፈውም። ከክኒኑ በፊት ምን ተሞከረ ብሎ ይጠይቃል፦ አመማቸው እንዴ? ራባቸው? ሽንት ቤት ፈልገው ይሆን? በመጀመሪያው ዓመት መጠኑን ለመቀነስ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል ወይስ የማይቻልበት ምክንያት ተጽፏል? «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የታዘዘ አንቲሳይኮቲክ ሐኪም ሕመምተኛውን በአካል ሳያይ ከ14 ቀን በላይ አይቀጥልም።

ደኅንነቱ ከበር ይጀምራል። ወጥተው የሚጠፉ ሰዎች እጅ ወይም እግር ላይ የሚታሰር ምልክት ሰጪ አለ፤ ወደ በሩ ሲጠጉ ደወሉን ያስጮኸዋል። አንዳንዱ በር ተገፍቶ ከተያዘ በ15 ሴኮንድ ይከፈታል፤ ሰው እንዳያመልጥ፣ እሳት ቢነሣም ማንም ተቆልፎ እንዳይቀር ተብሎ የተገኘ መካከለኛ መንገድ ነው። ደወሉ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲጮህ ማን እንደሚመጣና ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚመጣም ይታያል። ከበሩ ቀጥሎ ቧንቧው አለ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ውኃ በ5 ሴኮንድ ሥጋ ድረስ ያቃጥላል፤ ለዚያው ጉዳት 49 ዲግሪ የሆነው 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጤነኛ ሰው እጁን ወዲያው ይሰበስባል፤ በሽታው የገፋበት ግን መቃጠሉን ከእጁ መሰብሰብ ጋር ላያገናኘው ይችላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ቴርሞሜትሩን ይዞ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ይለካል።

የተገኘው ጥፋት ሁሉ ከኤ እስከ ኤል ባሉ 12 ፊደላት በአንዱ ይመደባል። ሠንጠረዡ ሁለት ነገር ይመዝናል፦ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ስንት ሰው ላይ ደረሰ? ብዙው ጥፋት ገና ጉዳት ያላደረሰ፣ ነገር ግን ሊያደርስ የሚችል ተብሎ ዲ ወይም ኢ ያገኛል። ጄ፣ ኬ እና ኤል ሕይወትን የሚያሰጋ አስቸኳይ አደጋ ናቸው። በበረዶ ወራት ሌሊት አንዲት እናት ያለ ካፖርት ወጥተው ቢገኙ፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ጄ ሊሰጠው ይችላል። ቤቱ የጥፋቱ ዝርዝር በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ የማስተካከያ ዕቅድ ያቀርባል። በ3 ወር ካልታረመ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች የመንግሥት ክፍያ ይቆምበታል፤ በ6 ወር ከፕሮግራሙ ይወጣል። አስቸኳይ አደጋ ከሆነና ካልተወገደ ግን ጊዜው 23 ቀን ብቻ ነው።

ለወላጁ ቤት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛው፣ በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ የሚታየው የአምስት ኮከብ ደረጃ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ ከፍተሻው፣ ከሠራተኛው ብዛትና ከጥራት መለኪያዎች። የሠራተኛው ቁጥር ከደመወዝ መዝገብ ይመጣል፤ ከጥራት መለኪያዎቹ ግን በርካቶቹ ቤቱ ራሱ በሚሞላው ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ አስቀድመው የፍተሻውን ኮከብ ለብቻው ይዩ፤ ከዚያም የመጨረሻውን የፍተሻ ወረቀት ያንብቡ። ቤቱ ወረቀቱን ጎብኚ በሚያገኘው ቦታ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ሁለተኛው ይበልጥ ይዘነጋል፦ በአሲስትድ ሊቪንግ (በድጋፍ መኖሪያ ቤቶች) ውስጥ «ሜሞሪ ኬር» ተብለው ለመርሳት ሕሙማን የሚሸጡት ውብ ክፍሎች እስካሁን በተነገረው የፌዴራል ፍተሻ ሥር አይደሉም። የሚተዳደሩት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሆነ፣ የሚፈተሹበት ጊዜና ጥብቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ተቆጣጣሪው ከሚያነጋግራቸው ሁሉ ለሕመምተኛው የቅርብ ሰው ረዳት ነርሷ፣ ሲኤንኤዋ፣ ናት። የፌዴራሉ ሕግ ሥራ ለመጀመር ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና፣ ከዚያም በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠይቃል፤ የመርሳት ሕመምተኛን መያዝ የዚያ አካል ነው። «ገላቸውን አልታጠብም ሲሉ ምን ታደርጊያለሽ?» ስትባል «ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ፤ ጠዋት እንደማይወዱ አውቃለሁ» ብላ የምትመልስ ሠራተኛ ከየትኛውም የሥልጠና ሰርተፊኬት በላይ ለቤቱ ትመሰክራለች። ሥራዬን አጣለሁ ብላ «ሁሉም ደህና ነው» የምትለው ደግሞ ሕጉ ለእሷም እንደቆመ ትወቅ። ከ2010 ጀምሮ በነዋሪ ላይ ወንጀል ተፈጽሟል ብላ የጠረጠረች ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለ በ2 ሰዓት ውስጥ ማመልከት ግዴታዋ ነው፤ ስላመለከተች ሊበቀሏት አይፈቀድም።

ቤተሰብም ቀጣዩን ፍተሻ መጠበቅ የለበትም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አቤቱታ ይቀበላል፤ ነዋሪውን ወክሎ የሚሟገት ኦምቡድስማንም አለው። አቤቱታ ራሱን የቻለ ፍተሻ ሊያስነሣ ይችላል፤ ክብደቱ ግን በአጻጻፉ ነው። «እናቴን አይንከባከቧትም» የሚለው ተቆጣጣሪውን የትም አያደርሰውም። ቀኑን፣ ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር፣ የክፍሉን ቁጥርና በዓይን የታየውን ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ግን ምን እንደሚፈልግ ይነግረዋል፦ የትኛውን ሺፍት፣ የትኛውን ቻርት፣ የትኛውን ደወል። በሽታው የወሰደባቸውን ምስክርነት በእናትየው ፋንታ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው።